ዝናብ ከነምርቃቱ

ሰባ ሁለት የልብስ ሳሙና፣ አንድ የግራ እግር ጫማ፣ ከአንዲት ፍየል ጋር ደግሞ እስከ ዛሬ ያልበረደ ቂም። ዝናብ መለካት ያስወጣኝ ይኸው ነው። ዝናብ በነፃ ነው የሚወርደው የሚል ሰው ካለ አሶሳ ድረስ ይምጣና እኔን ያነጋግረኝ።

ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ከገበያው አፍ ላይ ናት፤ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ባትሪ፣ ክር፣ የሚጠየቅ ነገር ሁሉ አለ፤ የሌለውም «ነገ ይመጣል» ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። ሁለት ጊዜ ስለተማርኩት ግን እንደ ስምንተኛ ቁጠሩልኝ።

ጊዜው ክልሉ ክልል በሆነ ማግስት ነው። ቢሮ የሚባለው ሁሉ በኪራይ ቤት ነበር። ትናንት ሽንኩርት የተዘረጋበት በረንዳ ዛሬ ሲነጋ «መምሪያ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበት ታገኙታላችሁ። መሳቢያ እስኪገዛላት ድረስ ማኅተሙን በመሐረብ ቋጥራ ይዛ የምትዞር ጸሐፊ አውቃለሁ፤ ሱቄ መጥታ ስኳር ስትገዛ የክልሉ ሥልጣን ግማሹ ባንኮኒዬ ላይ ይቀመጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን በኩርሙክ በኩል ከሱዳን የዱቄት ወተት በብዛት ይገባል። ወተቱን ሌሎች ነገዱ፤ እኔ ባዶ ጣሳውን ገዛሁ። አትሳቁ። አንድ ኩራዝ ሠሪ መቶ ሃያ ጣሳ ከነክዳኑ እፈልጋለሁ ብሎኝ ነው። ጣሳው ደርሶ ስፈልገው ሰውየው ባምባሲ ገብቶ ጄኔሬተር ያለው አማት አግኝቷል። ጄኔሬተር ያገባ ሰው ኩራዝ ምን ያደርግለታል? መቶ ሃያ ጣሳ ሱቄ ውስጥ እስከ ጣራ ተደርድሮ፣ በር በተከፈተ ቁጥር እየተንኳኳ ያሾፍብኝ ጀመር።

ቲቸር ሰናይት የመጣችው ያኔ ነው። ከሸዋ ተመድባ የመጣች የሳይንስ አስተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ የምትናገረውን ሁሉ በጣቷ አየር ላይ የምትጽፍ። ጣሳዎቹን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ከቦርሳዋ ማስመሪያ አወጣች።

«ጋሼ፣ ሁሉም እኩል ናቸው?»

«እንደ መንታ» አልኳት። «ለምን ፈለግሻቸው?»

«ዝናብ ልለካባቸው።»

«በመቶ ሃያውም?»

«መቶ ሃያ ሰው ካገኘሁ በመቶ ሃያውም።»

እውነቱን ልናገርና ልቤ የዘለለው ለሳይንስ አልነበረም።

ነገሩን አስረዳችኝ። በከተማችን ያለው የዝናብ መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ቢሮ ግቢ ውስጥ ተተክሏል። የቢሮውን ስም ተዉት፣ ደንበኛዬ ነው። መለኪያው ያየውን ኃላፊው ይጽፋል። ኃላፊው የጻፈው ደግሞ ለከተማውም፣ ለዙሪያው መንደርም ሁሉ እንደዘነበ ይቆጠራል። ሰማዩ ራሱ ከዚያ ግቢ ፈቃድ ካላገኘ አይዘንብም በሉት።

በዚህ ነገር አንጀቱ ያረረ አንድ ሰው ነበር። አያ ይመር ይባላል። በዚያ በክፉ ቀን ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው፤ የሚኖርበት አምባ ከከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፣ ከጉብታው ወዲያ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ማሽላቸው አበባው ላይ እያለ ደረቀባቸው። ዘር ሊለምን ሲመጣ ኃላፊው መዝገቡን ገለጠ፤ «ዝናቡ በቂ ነበር፤ ጉድለቱ የገበሬው ነው» ብሎ ጻፈ፤ ጽፎም አነበበለት።

ያን ቀን ቲቸር ስታወራኝ አያ ይመር ጨው ሊገዛ ሱቄ ውስጥ ቆሞ ነበር። ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ኸወሎ ያስለቀቀን ድርቅ ነው። ተከትሎን መጣ ብንላቸው የለም አሉን። ረሃቡስ ይሁን፣ እናውቀዋለን። ሰነፍ ተብሎ በወረቀት መጻፍ ግን...»

ጨዉን ወደ ኪሱ ከተተ።

ቲቸር ኃላፊውን ጠይቃዋለች። በግምጃ ቤቱ ገና ከሳጥኑ ያልወጣ ሁለተኛ መለኪያ አለው። «ሕዝቡ በአንድ ሌሊት በየደጁ ለክቶ፣ እኔም መጥቼ አይቼ ካመንኩ መለኪያውን አምባው ላይ እተክላለሁ» ብሏታል። «ካላመንኩ ግን የዚህን አምባ የዝናብ ወሬ ሁለተኛ አልሰማም።»

«ታዲያ ጣሳዎቹን ስንት ትያቸዋለሽ?» አልኳት።

«በውሰት ነው፣ ጋሼ።»

ልስቅ ነበር። ግን አያ ይመር ወደ ጣሳዎቹ ቀና ብሎ ቆሟል፤ ሰው ክምር እህል እንደሚያይ ነው የሚያያቸው። አፌ ተከፈተና «ውሰጂያቸው» አለ። አፌን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ይባስ ብሎም «ሕዝቡን የመጥራቱን ሥራ ለእኔ ተዪው፤ ጥሪ እኮ ንግድ ነው» ብሎ ጨመረ።

ጥሪውን በወረቀት ጀመርን። ቲቸር በትምህርት ቤቱ ማባዣ ማሽን ወረቀት አባዝታ ሰጠችኝ፤ ርዕሱ «ዝናባችንን በጋራ እንለካ» የሚል ነው። ሙጫ ላለማባከን ብዬ ከሱቄ ዱቄት አቡክቼ በየግንቡና በየዛፉ ለጠፍኩ። ዞሬ ስመለስ አንዲት ጥቁር ፍየል ከኋላዬ እየተከተለች አንድ በአንድ በልታዋለች። የስንዴ ሊጥ የተቀባ ወረቀት ለፍየል ምን እንደሆነ ያልገባኝ እኔ ነኝ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም። ይህን የምለው ግን አሁን ነው። ያኔ ድንጋይ አንስቼ አባረርኳት፤ በሐምሌ ጭቃ። የአሶሳ ቀይ ጭቃ የያዘውን አይለቅም፤ ግራ ጫማዬን ይዞ ቀረ። በእጄ ብፈልገው፣ በእንጨት ብፈልገው የለም። ፍየሏ ራቅ ብላ የመጨረሻውን ወረቀት እያመነዠከች ታየኝ ነበር። ጠዋት ደግሞ ባለቤቷ መጣና «ፍየሌን ምን ቀለም አበላኸኝ?» ብሎ ሱቄ በር ላይ ጮኸብኝ።

የቀረኝን ወረቀት ስኳር ጠቀለልኩበት። ስኳር የገዛ ሁሉ ጥሪውን ይዞ ይገባል ብዬ ነው፤ ብልጠት መሆኑ ነው። ስኳሩ ረጠበና ፊደሉን ጠጣው። ሁለት ሴቶች ሻያችን ጠቆረ ብለው መጡ።

በሦስተኛው ሙከራዬ፣ በገበያ ቀን፣ ሳጥን ላይ ቆሜ በአፌ ለፈፍኩ። «በሚቀጥለው ገበያ ዋዜማ ጣሳ ከነክዳኑ ይሰጣችኋል! ክዳኑን ከፍታችሁ ደጅ ላይ አስቀምጡት! ሲነጋ የዘነበውን እንለካለን!»

ገበያው ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አንድ ሰውዬ፣ «ምነው፣ ግብር ሊጣልበት ነው?» አለ። «እኔ ደጅ ላይ የዘነበ እንደሆነ ጎርፉ ወደ ጎረቤቴ ነው የሚሄደው፤ እሱ ይክፈል!» አለ ሌላው። አዲስ ክልል ነው፣ አዲስ ቢሮ በየቀኑ ይከፈታል፤ የዝናብ ቢሮ የማይከፈትበት ምክንያት ለማንም አልታየውም። ሰው መበተን ጀመረ።

ያኔ ነው የነጋዴ ደሜ የፈላው። ዕቃ እምቢ ሲል ምን ይደረጋል? ይመረቅበታል። «ጣሳውን ከነዝናቡ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላመጣ ሰው አንድ አንድ ሳሙና!» አልኩ። ቲቸር ሰው በየቤቱ ለክቶ ቁጥሩን ብቻ እንዲያመጣ ነበር የነገረችኝ። ግን እናንተ ፍረዱኝ፤ ያላየሁትን ዕቃ በሳሙና እገዛለሁ?

ዘሃራ ወደ አገሬው ቋንቋ፣ ወደ በርታኛ መለሰችልኝ። ዘሃራ የገበያው እናት ናት፤ ማሽላና ሰሊጥ በጣሳ እየሰፈረች ስትሸጥ ሃያ ዓመቷ ነው። በአማርኛዋ ወንድና ሴት አትለይም፤ በስፍር ግን ፍሬ አታዛንፍም። እኔ ሦስት ዓረፍተ ነገር የተናገርኩትን እሷ እንደ ረጅም ተረት አወራችው። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ።

«ምን አልሻቸው?»

«ሳሙናውን ነገርኳቸው፣ ታጅር።» ታጅር ነጋዴ ማለቷ ነው።

«ስለ ዝናቡስ?»

«ዝናቡን ያውቃሉ።»

በቀጠሮው ዋዜማ ሰባ ሁለት ጣሳ ወጣ፤ ስምንቱ አያ ይመር አምባ ሄዱ። ሌሊቱን ዘነበ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሲዘንብ ጨዉ ይረጥብብኛል ብዬ የምማረር ሰው፣ ያን ዕለት እንደ ገበሬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ሜዳው ሠርግ መሰለ። ሰው ሁሉ ክዳን የገጠመ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጭቃውን እየመረጠ ይመጣል። ቲቸር ከቀርከሃ በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ጭረት አውጥታበታለች፤ ዘንጉን ጣሳው ውስጥ ትነክርና የረጠበውን ጭረት ትቆጥራለች፣ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፤ እኔ ሳሙና እሰጣለሁ። ኃላፊው ኮቱን ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ መጣ። የእሱ መለኪያ በዚህች ዘንግ ሲሰላ አሥራ ሁለት ጭረት ዘንቧል።

የመጀመሪያው የዚያች የባለማኅተሟ ጸሐፊ ጣሳ ነው፤ አሥራ ሁለት። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ፣ ደግ ነው ማለቱ ነው። ቀጥሎ የጸሐፊዋ የአጥር ጎረቤት ዘሃራ፤ አሥራ አምስት። ከእሷ ቀጥላ የምትኖረው ሽንኩርት ነጋዴ፤ አሥራ ስድስት። ቀጥሎ ያለው ክፍሎቹን ለተማሪ ያከራየ አስተማሪ፤ አሥራ ሁለት።

«እንዴ!» አለ ኃላፊው። «በአንድ አጥር ሁለት ሰማይ አለ እንዴ?»

ሕዝቡ ሳቀ። ቲቸር አልሳቀችም። ዘንጓን ጠርጋ ደግማ ለካች፤ ያው ነው። አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ፤ ሰሌዳው የተቃወሰ ጥርስ መሰለ።

ይህን ጊዜ የአምባው ሰዎች ደረሱ። ስምንት ናቸው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግራቸው፣ ጣሳቸውን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው። አያ ይመር የሱን አቀረበ። አራት ጭረት። የሁለተኛው አራት። የሦስተኛው ሦስት። ሌሎቹም ከአራት አላለፉም።

«በቃ!» አለ ኃላፊው ደብተሩን እያጠፈ። «ከተሜው ለሳሙና ብሎ ሞልቶ አመጣ፣ ሰፋሪው ለዘር ብሎ ደፍቶ አመጣ። ይሄ ልኬት ነው? ይሄ ቲያትር ነው!»

አያ ይመር ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሳሙናውን ስዘረጋለት አልተቀበለኝም። እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ዕቃ ስሰጠው እጁን የሰበሰበ ደንበኛ በዕድሜዬ አላየሁም። የሰውየውን ስም ላጠራ ብዬ አንዴ ሰነፍ የተባለውን አሁን ሌባ አስባልኩት።

ዓይኔን ላሸሽ ብዬ ወደ ሰልፉ ዞር አልኩ። ጣሳዋን አስለክታ የጨረሰችው ዘሃራ የአሮጊት እህቷን ጣሳ ይዛ ተሰልፋለች። ተራዋ ሊደርስ ሲል ክዳኑን ከፈተች፤ «ቢስሚላህ» አለች፤ ከጎኗ ካለው ማሰሮ በአንድ እጇ ውኃ ጨልፋ ጣሳው ውስጥ ጨመረች፤ መልሳ ከደነች። ምንም ሳትደበቅ፣ በአደባባይ፣ በኩራት።

«ዘሃራ! ምን አደረግሽ?»

ያበድኩ መሰላት። «ምርቃት ነዋ!»

እናንተዬ፣ እዚያው ጭቃ ላይ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም። ገበያ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፤ ማሽላ በጣሳ ተሰፍሮ ካበቃ በኋላ ሻጯ በእጇ አንድ ጭብጥ ትጨምራለች። እሷ ናት ምርቃት። ያለ ምርቃት የሰጠ ሰው በቀጣዩ ገበያ ደንበኛ አይኖረውም።

«ዝናብ ላይ ምርቃት አለ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ ሳሙና ትሰጫለሽ» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «እኔ ጎደሎ እሰጥሃለሁ? ሌባ ነኝ? ወላሂ፣ ጎደሎ ጣሳ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም!»

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች በሙሉ በአዎንታ ጮኹ። ሳሙናውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ዋጋ የጠራሁበትን ነገር ሸቀጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሸቀጥ ከሆነ ደግሞ ምርቃት አለው። ደመወዝተኞቹ ብቻ ናቸው አሥራ ሁለት ያመጡት፤ ደመወዝተኛ ምን ሽጦ ያውቃል?

ቲቸር ፊቷ አመድ መስሎ፣ «ተበላሸ፣ ጋሼ» አለች። «ሁሉም ተበላሸ።»

ያን ጊዜ ነው አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ መማሬ የጠቀመኝ።

«ምንም አልተበላሸም» አልኳት። «ምርቃቱን እናስመልሳለን። ባዶ ጣሳ አምጪ። ዘሃራ፣ እስቲ ምርቃትሽን እዚህ ላይ አድርጊልኝ።»

ጨልፋ ጨመረች። ቲቸር ለካች፤ ሦስት ጭረት። ከአሥራ አምስት ሦስት ሲነሳ አሥራ ሁለት። የኃላፊው ቁጥር።

ኃላፊው ቅንድቡን አነሳ። «አንድ ጊዜ ብቻ እንደጨመረች በምን አውቃለሁ?»

«አንድ ነው!» አለች ዘሃራ። «ሁለት ምርቃት የሚሰጥ እብድ ነው፤ የማይሰጥ ሌባ ነው።»

«እሺ፣ እጅሽስ? አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ጎደሎ ቢሆን?»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። «ጌታዬ፣ የእርስዎ መለኪያ ሊዛባ ይችላል። የዚህችን ሴት እጅ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ገበያው ሁሉ እያየ ቆጥሮታል። ይሞክሯት።»

ሞከራት። ውኃው እየተደፋ፣ ጣሳው እየተጠረገ፣ አምስት ጊዜ አስጨለፋት። አምስቱንም ጊዜ ሦስት ጭረት። በአምስተኛው ዘሃራ ቀና ብላ፣ «ልጄ፣ ማሽላም ልትገዢ ነው?» አለችው። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ፤ ኃላፊውም ሳይወድ ሳቀ።

ሽንኩርት ነጋዴዋ እጇ ሰፋ ያለ ነው፤ አራት ጭረት። ከአሥራ ስድስት ሲነሳ አሥራ ሁለት። እንዲህ እያልን ሁሉንም በየእጁ አስመለስን። ሰሌዳው ቀጥ አለ። በከተማው አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፤ ወደ ጉብታው ጠርዝ ስንሄድ ዘጠኝ፣ ሰባት። ቲቸር ጠመኔዋ እስኪሰበር ተጭና ትጽፍ ነበር።

«የከተማውስ ይሁን» አለ ኃላፊው ድምፁን ቀነስ አድርጎ። «አምባው ግን ደፍተው ላለማምጣታቸው ምን ማስረጃ አላችሁ?»

ሁሉም ወደ አያ ይመር ዞረ። አያ ይመር ወደ መሬት አየ። የሆነ ነገር እንዳፈረ ሰው ነው የሚያየው። እኔ ያን ዓይነት እፍረት አውቀዋለሁ፤ ቀስ ብዬ ተጠጋሁት።

«አያ ይመር፣ በሞቴ እውነቱን ንገረኝ። እናንተም ነካክታችሁታል?»

ለእኔ ብቻ እንደሚናገር በለሆሳስ፦

«ኸቤት ስንወጣ አየነው። አፈርንበት፣ ወንድሜ። ሰው ፊት እንዲያ ያለ ጠብታ ይዞ መቅረብ... እኛም ምርቃት ጣል አደረግንበት። ስምንታችንም።»

እኔ የሰማሁትን ጮክ ብዬ ደገምኩት። ባዶ ጣሳ አቀረብኩለት። ያ እርሻ ያጎበጠው እጁ ውኃ ጨለፈ። ቲቸር ለካች፤ ሦስት ጭረት። ከአራት ሦስት ሲነሳ...

ሰሌዳው ላይ ቲቸር አንድ ጻፈች። የሌሎቹም እንደዚያው፤ አንድ፣ አንድ፣ የአንዱማ ከአንድም ያንሳል። በዚያው ሌሊት፣ ከተማው በጎርፍ ሲታጠብ፣ ከጉብታው ወዲያ አንድ ጭረት።

ኃላፊው ሰሌዳውን አየ። ከዚያ አያ ይመርን አየ።

«አንተ ዝናቡ ትንሽ መሆኑን ልታሳየኝ አይደለም እንዴ የመጣኸው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ትጨምርበታለህ?»

«ቢጎዳኝስ፣ ጎደሎ ይዤ ልምጣ?»

ኃላፊው ደብተሩን ገለጠ። «ሊዋሽ የመጣ ሰው ውኃ ጨምሮ አይመጣም» አለ፤ ለእኛ ይሁን ለራሱ እንጃ። የድሮውን ገጽ ፈልጎ አገኘው። «ጉድለቱ የገበሬው ነው» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዘው፤ ከላዩ «ዝናቡ አልደረሰም» ብሎ ጻፈ፤ ጽፎም አነበበለት። ዘሃራ እልልታዋን ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት አልገልጸውም፤ እኔ ራሴ ባንድ ጫማ ስዘል የነበርኩ ይመስለኛል። አያ ይመር ወደ እኔ መጣና እጁን ዘረጋ። ሳሙናውን ሰጠሁት።

ከወር በኋላ መለኪያው ከሳጥኑ ወጥቶ አምባው መሐል ተተከለ፤ የለመኑት ዘርም በጊዜው ተሰጣቸው። ቲቸር አነባበቡን ስታሳየው አያ ይመር በጥሞና አዳመጠ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፦

«ለዚህኛውስ ምንም አይጨመርለትም?» አለኝ።

«ምንም፣ አያ ይመር።»

«ደረቅ ዕቃ ነው» አለ።

ጣሳዎቹ ተመለሱልኝ። አሁንም ሱቄ ውስጥ እስከ ጣራ ተደርድረው ይንኳኳሉ፤ ኩራዝ ሠሪ ካወቃችሁ ላኩልኝ። ጫማው አልተገኘም።

ወጪ፦ ሰባ ሁለት ሳሙና፣ አንድ ጫማ። ገቢ፦ አንድ የዝናብ መለኪያ፤ እሱም የእኔ አይደለም።